በ14 ድምፅ የተሸነፍኩ ሰሞን

ልጆቼ፣

በቀደም ከመካከላችሁ አንዷ ደወለችልኝ። ለአካባቢ ምርጫ ተወዳድራ ለጥቂት ተሸንፋለች። "ጋሼ፣ ያን ሁሉ ሰው አልፍቼ በምን ዓይን ልየው?" አለችኝ። ድምፅዋ ልቤን ነካኝ። ለሷ በስልክ ያልኳትን ለሁላችሁም ልጻፈው አልኩ። እኔም በዚያው በር ገብቼ ወጥቻለሁ። መጀመሪያ ላይ ደግሞ ክፉኛ ተሳስቼ ነበር።

በ2022 ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ለሰፈር አማካሪ ኮሚሽን ተወዳደርኩ። ትንሽ ወንበር ናት። አንድ ኮሚሽነር 2,000 ገደማ ነዋሪ ይወክላል፤ ዘመኑ 2 ዓመት ነው፤ ደመወዝ የለውም። እጩ ለመሆን የ25 የሰፈሩ መራጮች ፊርማ ይበቃል። ሥራው ግን የሰው ኑሮ ውስጥ ይገባል። የመጠጥ ፈቃድ፣ የመኪና ማቆሚያ፣ የአዲስ ሕንፃ ጉዳይ ሲመጣ የከተማው መሥሪያ ቤቶች የኮሚሽኑን አስተያየት ትልቅ ክብደት እንዲሰጡት ሕግ ያስገድዳቸዋል። የእኛ ሰዎች ምግብ ቤት የሚከፍቱት፣ ታክሲ የሚያቆሙት እዚሁ ሰፈር ውስጥ ነው። እኔም 30 ዓመት ፋርማሲስት ሆኜ ስሠራ የስንቱን ቤት ጣጣ ሰምቻለሁ። ለዚህ ነው የተወዳደርኩት።

ሰው ከጠበቅኩት በላይ ወጣልኝ። አንዷ በየቅዳሜው ቡና አፍልታ ጎረቤቶቿን ጠራችልኝ። አንድ የታክሲ ሹፌር 3 ቅዳሜ ሥራውን ትቶ በራሪ ወረቀት አደለ። ቅዳሜ ለታክሲ ሹፌር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

በምርጫው ማታ እየመራሁ ነበር። ከዚያ በፖስታ የመጣው ድምፅ ሲቆጠር ልዩነቱ በየቀኑ ጠበበ። በመጨረሻ በ14 ድምፅ ተሸነፍኩ።

በሰፊው መሸነፍ ይሻላል አልልም፤ ለጥቂት መሸነፍ ግን የራሱ በሽታ አለው። ሰው ያስቆጥራል። እኛ ለቅሶ ቤት ማን መጣ፣ ማን ቀረ ብለን የምንይዝ ሰዎች ነን። እኔ ያን ልማድ ወደ ምርጫ አመጣሁት። ሌሊት ተነስቼ ወረቀት ላይ ስም እጽፍ ነበር። እገሌ ቃል ገብቶልኝ ነበር። እገሊት ልጆቿ ሦስት ናቸው፣ መርጠውልኝ ይሆን? 14 ሰው እፈልግ ነበር። የመጡልኝ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች አንዳቸውም ወረቀቱ ላይ አልነበሩም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያ የታክሲ ሹፌር መጣ። አንገቱን ደፍቶ፣ "ጋሼ፣ የኔ የድምፅ መስጫ ወረቀት መኪና ውስጥ ቀርቶ ሳልልከው ቀኑ አለፈ" አለኝ። ምንም አልመለስኩለትም። ሳልሰናበተው ሄድኩ። 3 ቅዳሜውን ረስቼ አንድ ፖስታ ብቻ ታየኝ። ይህን ስጽፍ እንኳ ያመኛል።

ከ4 ቀን በኋላ ቤቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት። ያኔ ነው የገባኝ። ሰውየው እንቅልፍ አጥቷል። ምርጫውን ያስሸነፍከኝ አንተ ነህ ያልኩት ያህል ተሰምቶታል። ሌሎቹን ስጠይቅም ያው ነው። ቡና ያፈላችው፣ "አንድ ቤት ብጨምር ኖሮ" ትላለች። እኔ የጎደለኝን ስቆጥር እነሱም የራሳቸውን ጉድለት ይቆጥሩ ነበር።

ጎረቤታችን ቨርጂኒያ ውስጥ በ2017 ለግዛቲቱ ምክር ቤት የተወዳደሩት ሼሊ ሳይመንድስና ዴቪድ ያንሲ እኩል 11,608 ድምፅ አግኝተው ነገሩ በዕጣ ተለየ። በጥር 2018 ስማቸው ሳህን ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ሳይመንድስ ተሸነፉ። በ2019 ተመልሰው ያንኑ ወንበር አሸነፉ። እኔን የሚያሳስበኝ ያ የዕጣው ሰሞን ነው። ከደጋፊዎቻቸው ስንቱ "አንድ በር ባንኳኳ ኖሮ" እያለ አድሮ ይሆን? ልጆቼ፣ ተሸንፋችሁ ለደጋፊዎቻችሁ ስትደውሉ ይህን ሸክም አውርዱላቸው። "ትንሽ ቀርቶን ነበር እኮ" አትበሉ። እናንተ ለማጽናናት ትሉታላችሁ፤ ደጋፊው ግን ወቀሳ አድርጎ ይሰማዋል።

እናም ደውሉ። ለሁሉም በቫይበር አንድ መልእክት በትኖ መገላገል ያጓጓል። "በአካልም በስልክም ከጎናችን ለነበራችሁ ሁሉ" የሚለውን የለቅሶ ምስጋና ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ማንም ስሙን አያገኝበትም። ፋርማሲ ውስጥ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሰጥም። ምስጋናም እንደዚያ ነው። ለሷ የቡናውን፣ ለሱ የቅዳሜውን ንገሩ። እኔ ከሥራ በኋላ በየማታው አምስት ስድስት ሰው እየደወልኩ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ለትልልቆቹ ቤታቸው ሄድኩ። ገንዘብ ያዋጡትን ደግሞ ብራቸው የት እንደገባ ነገርኳቸው፤ የተረፈውንም በሕጉ መሠረት ዘጋሁ። በዚያ ጥሪ ላይ ምንም አትጠይቁ። ዕዳ አለብኝ፣ በሚቀጥለውም እወዳደራለሁ፣ አትበሉ። ይደርሳል።

ያሸነፈችውንም ሴትዮ እንኳን ደስ አለሽ ያልኩት ሳልዘገይ ነው። ደጋፊዎቼ ከሷ ጋር በአንድ ሊፍት ነው የሚወጡት የሚወርዱት።

አንድ ነገር ላክል። ድምፅ የሌላቸውን አስቀድሙ። በራሪ ወረቀቴን ወደ አማርኛ የመለሰችልኝ፣ ዝናብ ላይ ቆማ ያደለችው እህት ያኔ ዜግነት ስላልነበራት ለኔም ለማንም መምረጥ አትችልም ነበር። ለራሷ የማታገኘውን ነገር ለኔ ለፋች። መጀመሪያ መደወል የነበረብኝ ለሷ ነበር፤ እኔ ግን የመራጮችን ዝርዝር ይዤ ስለጀመርኩ መጨረሻ ላይ ነው ትዝ ያለችኝ። ስሟ ዝርዝሩ ላይ አልነበረማ።

በኋላ የዲሲ ሕግ ተለወጠ። በ2024 ዜግነት የሌላቸው ነዋሪዎችም ለከተማው ምርጫ ድምፅ መስጠት ቻሉ። ይህ ለአካባቢው ወንበሮች ብቻ ነው፤ ለፕሬዚዳንት አይሆንም፣ በሌላ ከተማም ሳትጠይቁ እንዳትሞክሩት። በዚያ ኅዳር እኔ እጩ አልነበርኩም። ማታ ስልኬ ጠራ። እሷ ናት።

"ጋሼ፣ መረጥኩ እኮ!" አለችኝ።

ማንን እንደመረጠች አልጠየቅኳትም። ወረፋው ረጅም ነበር ወይ አልኳት። እሷም ከበሩ ጀምራ እስክትወጣ ድረስ ያለውን አንድ በአንድ ነገረችኝ።