«ላየው ብቻ»

ከሐዋሳ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። የአሥራ ሁለት ወሩን የኦንላይን ሶፍትዌር ሥልጠና ከጀመርሽ አምስተኛ ወርሽ ነው። ማታ አምስት ሰዓት ላይ አንድ የክፍልሽ ልጅ በቴሌግራም «ላየው ብቻ» ብሎ የፕሮጀክትሽን ኮድ ጠየቀሽ። ማስረከቢያው ስድስት ሰዓት ነበር። ላክሽለት። እሱም እንዳለ አስገባው፤ የአንቺን የፊደል ስህተት እንኳ ሳያርም። ለሁለታችሁም ዜሮ፣ ለሁለታችሁም የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ። «መርዳት ከመቼ ወዲህ ነው ጥፋት የሆነው?» ትያለሽ።

ንዴትሽ ይገባኛል። ግን ከትምህርት ቤቱ ጋር ነኝ።

ይሉኝታ ነው የያዘሽ። እኔንም ይዞኝ ያውቃል። ባንክ ቤት ስሠራ አንድ ባልደረባዬ «ለአምስት ደቂቃ» ብሎ ፓስወርዴን ጠየቀኝ። ምሳ ልወጣ ቦርሳዬን ይዤ ቆሜያለሁ። እምቢ ብለው ምን ይለኛል ብዬ በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ሰጠሁት። ሒሳብ ሲጎድል ሲስተሙ ላይ የወጣው የእኔ ስም ነው። ሦስት ወር ሙሉ ማስረጃ ስጽፍ ከረምኩ። ሰውየው አንድ ቀን «እኔ ነኝ» አላለም። እስከ ዛሬ የስልኬን ፓስወርድ ባለቤቴም አያውቀውም።

በአንቺ ሙያ ደግሞ ይብሳል። ጊት በሚባለው የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ ላይ እያንዳንዱ ኮሚት፣ ማለትም የተመዘገበ ለውጥ፣ ስምና ሰዓት ይዞ ነው የሚቀመጠው። ኮዱ ውስጥ ያሉትን የቫሪያብል (የመረጃ መያዣ) ስሞች ቀያይሮ ማምለጥም የለም፤ ሞስ የሚባለው ኮድ ማነጻጸሪያ በ1994 እ.ኤ.አ. የተሠራው ለዚሁ ነው፣ የሚያየው የኮዱን አወቃቀር ነው። ነገ ተቀጥረሽ የድርጅቱን ኮድ ለጓደኛ ብትልኪ ደግሞ በዜሮ አትለቀቂም።

ስለዚህ ለትምህርት ቤቱ አጭር ደብዳቤ ጻፊ። «ኮዴን ሰጥቻለሁ፣ ደንቡን ጥሻለሁ» በይ። «ልረዳው ብዬ ነው» የሚለውን ተዪው። ደንቡንም አሁን አንብቢው፤ ስትመዘገቢ ሳታነቢ «እስማማለሁ» ብለሽ የነካሽው እሱን ነው።

አጎትሽ «ከፍለን እያስተማርንሽ ማን ነው የሚቀጣሽ» ማለታቸው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ስህተት ነው። ተገልብጦ በተገኘ ሰርተፊኬት ሥራ ፈተና ላይ ብትቀመጪ የሚባክነው የእሳቸው ብር ነው። እናትሽ «ተዪውና ኢንዱስትሪ ፓርክ ግቢ» ይላሉ። ፓርኩ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፣ የትም አይሄድም፤ ሰባቱን ወር ጨርሺ። መብራት ስለሚጠፋው ደግሞ፣ ሥራሽን ለማታ አታቆዪ፣ ቀን ላይ ፑሽ አድርጊ፣ ማለትም ኮድሽን በኢንተርኔት ላኪው።

ልጁ «ተቀየምሽኝ?» እያለ ይጽፍልኛል ብለሻል። መልሺለት። ለሚቀጥለው ፕሮጀክት ከማስረከቢያው ሦስት ቀን በፊት ቅጠሪው፤ ደንባችሁ አብሮ መወያየትን ከፈቀደ ጉግል ሚት ክፈቱ። ስክሪኑን እሱ ያጋራ። ኪቦርዱ ላይ የእሱ ጣት ይሁን፣ አንቺ በአፍሽ ብቻ አስረጂው።