የቀልሃ ዝግጅት፦ ጠይቁ፣ ይመለሳል

ጀማሪው፦ ጋሼ፣ ራሴ የሞላሁት ጥይት ምቱ ዒላማው ላይ ይበተንብኛል። ከቀልሃው ይሆን?
መልስ፦ በስንት ሜትር? ስንት ጥይት ተኩሰህ? ቀልሃው ስንት ጊዜ ተሞልቷል? እነዚህን ጻፍና ተመለስ።

ሚዛን፦ የቀልሃውን አንገት (አረሩን የሚይዘውን ጠባብ ጫፍ) በእሳት ማለስለስ ለውጥ ያመጣል ወይስ ለዓይን ነው?
መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። የቀልሃ ናስ 70 በመቶ መዳብ፣ 30 በመቶ ዚንክ ነው። ሲተኮስ ይሰፋል፣ ዳይ (ቀልሃውን ወደ ልኩ የሚመልሰው ብረት) ውስጥ ይጠባል፤ በዚህ ምልልስ አንገቱ እየጠነከረ ይሄዳል። የጠነከረ አንገት ከዳዩ ሲወጣ መልሶ ከፈት ስለሚል አረሩን አንዱ አጥብቆ፣ ሌላው አላልቶ ይይዛል። የአረሩ ፍጥነት ይለያያል፤ ርቀቱ ሲጨምር ምቱ ወደ ላይና ወደ ታች ይዘረጋል። በመጨረሻ አንገቱ ይሰነጠቃል።
የሙቀት ቀለም ተጠቀም። አንገቱ ውስጥ በ400 ዲግሪ ሴልሺየስ ግድም የሚቀልጠውን፣ ከትከሻው (ከአንገቱ በታች ከሚሰፋው ቦታ) ዝቅ ብሎ ደግሞ በ230 ግድም የሚቀልጠውን ቀባ። ቀልሃውን እያሽከረከርክ የነበልባሉን ጫፍ አንገትና ትከሻ በሚገናኙበት ላይ አሳርፍ። የውስጡ ሲቀልጥ ወዲያው አውጣ፤ የታችኛውም ከቀለጠ ቆይተሃል። ጊዜው ጥቂት ሰከንድ ነው፤ አንዴ ካገኘኸው ለሁሉም ያው ይሁን። ቂጡ (ፕራይመሩ የሚገባበት ጫፍ) አይሙቅ! የለሰለሰ ቂጥ ግፊቱን አይችልም፤ ጋዙ ወደ ተኳሹ ፊት ይመጣል። ፕራይመር (ሲመታ ባሩዱን የሚለኩሰው ትንሽ ክዳን) ያለበትን ቀልሃ ደግሞ እሳት አጠገብ አታድርስ።

ናሱ፦ ከእሳት በኋላ ውሃ ውስጥ ካልገባ ይጠነክራል።
ጭስ፦ ናስ ብረት አይደለም ወንድሜ፣ ውሃ አያጠነክረውም አያለሰልሰውም።
ናሱ፦ ታዲያ ሰው ሁሉ ለምን ይነክራል?
መልስ፦ ጭስ ትክክል ነው። ውሃው ሙቀቱ ወደ ቂጥ እንዳይወርድ ያቆማል፣ ሌላ ሥራ የለውም። ከነከራችሁት በደንብ አድርቁት። እንለፍ።

ትከሻ፦ እኔ በዳይ የማጠብበው አንገቱን ብቻ ነው፤ ቀልሃው ከጠመንጃው ጋር ይላመዳል።
ጭስ፦ ከጥቂት ተኩስ በኋላ መዝጊያው አልዘጋ ሲል ትመጣለህ።
መልስ፦ ሙሉ ዳይ (አንገቱን ብቻ ሳይሆን ቀልሃውን በሙሉ የሚያጠብበውን) ተጠቀም፣ ግን እየለካህ። ከተተኮሰው ቀልሃ ትከሻውን 0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ኋላ ግፋ። ዳዩን እስከ ታች አጥብቆ መምታት ትከሻውን ከመጠን በላይ ይገፋል፤ በሚቀጥለው ተኩስ ቀልሃው ይለጠጥና ከቂጡ ከፍ ብሎ ይሳሳል። እዚያ ላይ የሚያበራ ቀለበት ካየህ፣ ጫፉ የታጠፈ ቀጭን ሽቦ አስገብተህ ግድግዳውን ከውስጥ ዳስስ። ሽቦው ጉድጓድ ከያዘ ቀልሃውን ጣለው።
ዳይ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ቀልሃው ላይ የምትቀባው ቅባት ስስ ይሁን፤ ሲበዛ ትከሻውን ያጎደጉዳል፣ ጨርሶ ከሌለ ቀልሃው ዳዩ ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል። የአንገት ውስጡንም በጥቂቱ ቀባ፤ ደረቅ ከሆነ የዳዩ ኳስ (አንገቱን ከውስጥ የሚያሰፋው) ሲወጣ አንገቱን ጎትቶ ያጣምመዋል።

ሚዛን፦ የ.308 ዊንቸስተር ጥይት ቀልሃ ርዝመትስ?
መልስ፦ ከፍተኛው 51.18 ሚሊ ሜትር፤ ስትቆርጥ ወደ 50.93 አውርደው። የምትለካው ካጠበብክ በኋላ ነው፤ ዳዩ ያስረዝመዋል። የአፉን ጠርዝ ከውስጥም ከውጭም ሞርደው። የረዘመ አፍ በርሜሉ መግቢያ ላይ ተጨንቆ አረሩን ያንቃል፣ ግፊት ይጨምራል።

ጀማሪው፦ ስንት ባሩድ ልጨምር?
መልስ፦ የባሩዱ አምራች ሰንጠረዥ ላይ አለ። ከዝቅተኛው ጀምር። ከእኔ ቁጥር አትጠብቅ።

ናሱ፦ አሞኒያ ያለበት ማጽጃ ናሱን እንደ አዲስ ያበራዋል።
መልስ፦ ይሰነጥቀዋልም። አሞኒያ የለም!

አዲስ ገቢ፦ ሁሉንም ቀልሃ አንድ ላይ ምድጃ ውስጥ ብከትና ባለሰልሰውስ?
መልስ፦ ምድጃ ቂጡንም ያሞቃል። ቂጡ አይሙቅ ብያለሁ፣ ከላይ አንብብ።

ጀማሪው፦ 100 ሜትር፣ 5 ጥይት፣ የተደባለቀ ቀልሃ ነው።
መልስ፦ መጀመሪያ በአምራችና በተተኮሰበት ጊዜ ብዛት ለይ። የወታደር ቀልሃ ብዙ ጊዜ ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ውስጡ ስለሚጠብ በዚያው ባሩድ ግፊቱ ከፍ ይላል። ከለየህ በኋላ ተኩስ።