ኤፒ ላንግዌጅ ወይስ ኤፒ ሊትሬቸር?

እህቴ፣ ልጅሽ 11ኛ ክፍል ስትገባ ከሁለቱ የእንግሊዝኛ ኤፒ ኮርሶች (ኤፒ ማለት ሁለተኛ ደረጃ ላይ የሚሰጥ የኮሌጅ ደረጃ ትምህርት ነው)፣ ከኤፒ ላንግዌጅና ከኤፒ ሊትሬቸር፣ የቱን ብትወስድ ይሻላል ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ በላንግዌጅ ትጀምር ባይ ነኝ። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ትምህርት ቤቶችም እሱን 11ኛ ላይ፣ ሊትሬቸርን ደግሞ 12ኛ ላይ ነው የሚሰጡት።

ስማቸው ይመሳሰላል እንጂ ሥራቸው ለየቅል ነው። ላንግዌጅ ላይ የሚነበበው በአብዛኛው ልብ ወለድ ያልሆነ ጽሑፍ ነው፤ ንግግር፣ ደብዳቤ፣ የጋዜጣ አስተያየት። ፈተናው ላይ 3 ድርሰት ይጻፋል፦ አንዱ ከተሰጡ ምንጮች ተነስቶ አቋም መያዝ፣ አንዱ ጸሐፊው አንባቢውን ለማሳመን ምን ዘዴ እንደተጠቀመ መተንተን፣ አንዱ ደግሞ የራስን ክርክር ማቅረብ። ይሄ ችሎታ ኮሌጅ ገብታ ምንም ብታጠና፣ ነርሲንግም ይሁን ኢንጂነሪንግ፣ ይጠቅማታል፤ አጥብቄ የምመክረውም ለዚህ ነው።

ሊትሬቸር ግጥም፣ ልብ ወለድና ተውኔት ነው። ግጥም ደጋግሞ ማንበብ የማይሆንላት ልጅ ትሰለቻለች። ማንበብ ነፍሷ ከሆነ ግን በፍጹም አትከልክያት።

የሁለቱም ውጤት ከ1 እስከ 5 ነው። ብዙ ኮሌጆች 3 ላመጣ ክሬዲት ይሰጣሉ፣ ማለትም የኮሌጅ ኮርስ እንደወሰደ ይቆጥሩለታል፣ አንዳንዶቹ ግን 4 ወይም 5 ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ ያሰበችውን ኮሌጅ ድረ ገጽ አብራችሁ እዩ።

አንድ ነገር ደግሞ የትምህርት ቤት አማካሪዋን ጠይቂልኝ፦ መምህሩ ድርሰት አርሞ፣ አስተያየት ጽፎ ይመልሳል ወይ? እኔ ከኮርሱ ስም በላይ የማየው እሱን ነው።