ኬሞ ለጀመሩት እናትሽ

እህቴ፣ ደሴ ያሉት እናትሽ ለጡት ካንሰር ሁለተኛ ኬሞ ከወሰዱ ወዲህ ምግብ አልበላ እንዳላቸውና ቀኑን ሙሉ እንደሚተኙ ጽፈሽ «ምን ላድርግ?» ብለሽ ጠይቀሻል። አብሽሪ። እኔ ደሴ አጠገብ ያለችው የሐይቅ ከተማ ሰው ነኝ፤ ከአራት ዓመት በፊት ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ 8 ዙር ኬሞ ወስጃለሁ።

ከሁሉ በፊት ቀን ቁጠሪ። ኬሞው በየ21 ቀኑ የሚሰጥ ከሆነ፣ ማቅለሽለሹ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ግን በሽታ የሚከላከለው ነጭ የደም ሴል ይወርዳል፤ ሰውየው የተሻለው በሚመስልበት በዚያ ሳምንት ነው ኢንፌክሽን የሚያሰጋው። ቴርሞሜትር ግዢ። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካሳየ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰጃቸው፤ ሲነጋ እናያለን አይባልም። እኔ በሦስተኛው ዙር፣ በ9ኛው ቀን ብርድ ብርድ አለኝ። ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ታሸልኝ፣ ተሸፋፍኜ አደርኩ። ጠዋት ደሴ ስደርስ መቆም አቅቶኝ ነበር፤ አምስት ቀን ተኝቼ በመርፌ አንቲባዮቲክ ነው የተረፍኩት። ስለዚህ በዚህ ነገር አጥብቄ እለምንሻለሁ።

ምግቡን ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ቀዝቀዝ አድርገሽ ስጪያቸው። እኔን ያቆመኝ ቀጭን አጥሚት፣ የተቀቀለ ዕንቁላልና በደንብ የበሰለ የሐይቃችን ዓሣ ነው። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ይቅርባቸው። አፋቸው ከቆሰለ በርበሬውን ትተሽ ለብ ባለ ውሃ ጨው አሟሚና ይጉመጥመጡ።

የሚቆላ ቡና ሽታ ሆዴን ይገለብጠው ነበር። ጎረቤቴ ይህን ስታውቅ እሷ ቤት ቆልታ፣ ወቅጣ፣ ጀበናዋን ይዛ ትመጣ ጀመር፤ ዕጣን አታጨስም፣ በሩን ወለል አድርጋ ትከፍተዋለች። አቦሉን ባልቀምስም ቡና ጠጪዎቹ መሃል ተቀምጬ ዱዓ ይደረግልኝ ነበር። ጉንፋን የያዘው ጠያቂ አይግባ እንጂ እናትሽን ከሰው አትለያቸው።

ድካሙ በመተኛት ብቻ አይለቅም። በየቀኑ እስከ ግቢው በር እንኳ ይራመዱ። ሥራውንም ሁሉ ከእጃቸው አትንጠቂ። ልጄ ለወራት ምንም አታስነካኝም ነበር፤ አንድ ቀን ሰፌድ ላይ ምስር አድርጋ «እማ፣ ልቀሚልኝ» ስትለኝ እንባዬ መጣ። ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

ሕክምናው ሲያልቅ ሁሉም «ተመስገን፣ ዳነች» ብሎ ይበተናል፤ ድካሙ ግን ለወራት ሊቆይ ይችላል። ያኔም አጠገባቸው ሁኚ። የብብታቸው ዕጢ (ንፍፊት) ወጥቶ ከሆነ በዚያ በኩል ያለው እጅ እንዳያብጥ ተከታተዪ፤ ለመርፌና ለግፊት መለኪያ ሌላኛውን እንዲሰጡ አስታውሻቸው። ካንሰሩ እንዳይመለስ የሚዋጠው ታሞክሲፈን የሚባል እንክብል ከታዘዘላቸው ደህና ነኝ ብለው እንዳያቋርጡት። እኔ ለ5 ዓመት ታዞልኝ ዛሬም ማታ ማታ እወስዳለሁ።

አሁን ስንተኛ ቀናቸው ነው? ቁጠሪና እዚሁ ጻፊልኝ።