ዛጎሉን አስቀምጬ ጋዜጣውን የጣልኩ ቀን

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ትንሽ ሙዚየም ውስጥ ሥራ ለጀመራችሁና ለመጀመር ላሰባችሁ ነው። እኔ የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ዕቃ ስመዘግብ ነው።

መጀመሪያ ስትገቡ ግር ይላችኋል። አንድ ክፍል ውስጥ የወፍ እንቁላል፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ የድሮ ሳንቲም፣ የሙሽራ ቀሚስ፣ ቆዳው ተሞልቶ የቆመ ቀበሮ ታያላችሁ። አንድ ትልቅ ቁልፍም አለ፤ በሩ የት እንደሆነ ማንም አያውቅም። «እነዚህን ምን አገናኛቸው?» ትላላችሁ። እኔም ብያለሁ። ያገናኛቸው በአንድ አካባቢ የኖሩ ሰዎች ናቸው። አንዱ ሠራበት፣ አንዷ ለበሰችው፣ ሌላው መንገድ ላይ አግኝቶ ሳሳለት። ይህን የሚነግረን ግን ዕቃው ራሱ አይደለም። አብሮት የመጣው ጽሑፍ ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት አጥፍቼ ነው። አንዲት እናት የሟች ባለቤታቸውን የዛጎል ስብስብ በካርቶን አመጡልን። እያንዳንዷ ዛጎል በአሮጌ ጋዜጣ ቁራጭ ተጠቅልላ ነበር። ወጣት ነበርኩ፣ ሥራዬን ላሳምር ፈለግኩ። ዛጎሎቹን አጥቤ ንጹሕ ጥጥ ላይ ደረደርኩ። ጋዜጣውን ጣልኩት። በሳምንቱ አለቃዬ አንዷን አነሱና «ከየትኛው ዳርቻ ናት?» አሉኝ። ያኔ ትዝ አለኝ። በጋዜጣው ጠርዝ ላይ በእርሳስ የተጫረ ነገር ነበር፤ ቦታና ቀን። አይቼው ነበር እኮ! ሴትየዋ ቤት ሮጥኩ። «እሱ ነበር የሚያውቀው» አሉኝ። ዛጎሎቹ ዛሬም አሉ፣ ያምራሉ። ከዚያ ያለፈ ግን ምንም አይነግሩንም።

ከወረቀቱ ጋር የተቀመጠ ዕቃ ምን እንደሚሠራ ደግሞ ላሳያችሁ። ድሮ የወፍ እንቁላል እየለቀሙ መሰብሰብ የሚወዱ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ በብዙ አገር ክልክል ነው፣ መከልከሉም ደግ ነው። ነገር ግን ሰዎቹ ቀንና ቦታ ይጽፉ ነበር። እንግሊዛዊው ዴሪክ ራትክሊፍ እነዚያን አሮጌ እንቁላሎች ለካ፣ መዘነ። ፔሬግሪን የተባለው ጭልፊት የሚጥለው እንቁላል ቅርፊቱ ከ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ እየሳሳ መምጣቱን አገኘ። ውጤቱን በ1967 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ጥፋተኛው ዲዲቲ የተባለው የተባይ መድኃኒት ሆኖ ተገኘ። ወፏ ልትታቀፈው ስትቀመጥበት እንቁላሉ ይሰበር ነበር። ቀኑ ባይጻፍ ኖሮ ያ ሁሉ እንቁላል ምን ይነግረን ነበር?

የማርጆሪ ኮርትኔይ-ላቲመር ታሪክ ሁልጊዜ ልቤን ይነካዋል። በደቡብ አፍሪካ፣ ኢስት ለንደን በሚባል ከተማ የትንሽ ሙዚየም ኃላፊ ነበረች። ዓሣ አጥማጆች እንግዳ ነገር ሲያገኙ ይጠሯት ነበር። ዲሴምበር 22 ቀን 1938 ወደብ ወርዳ ከዓሣው ክምር ሥር ሰማያዊ ክንፍ አየች። ዓሣው ርዝመቱ 1.5 ሜትር ያህል ነበር። ባለታክሲው አልጭንም ብሎ ተከራከራት። እሷ ግን አልተወችውም። ዓሣውን በእጇ ሥላ፣ መልኩን ጽፋ ለዓሣ አጥኚው ስሚዝ ላከችለት። መልሱ እስኪመጣ የውስጥ አካሉ ተበላሽቶ ተጣለ፤ ቆዳው ተሞልቶ ቀረ። ስሚዝ ግን ሥዕሉን ሲያይ ጠረጠረ። ሲላካንት ነው፤ ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጠፍቷል ሲባል የነበረ ዓሣ። ስሙም በእሷ ስም ላቲሜሪያ ተባለ።

ስለ አያያዝ ብዙ አልልም፣ ከሥራው ትማሩታላችሁ። ጨርቅና ወረቀት ላይ የሚያርፈው ብርሃን ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) አይብለጥ፤ አንዴ የወየበ ቀለም አይመለስም። የቆዩ የተሞሉ እንስሳትን ያለ ጓንት አትንኩ። ድሮ ብል እንዳይበላቸው አርሰኒክ ይቀቡ ነበር፣ እስከ ዛሬም መርዝ ነው። ዕቃ አጠገብ ስትሠሩ በእርሳስ ጻፉ እንጂ እስክሪብቶ አታምጡ።

ዋናው ግን ይሄ ነው፤ ዕቃ ይዞ የመጣን ሰው ቶሎ አትሸኙት። ወንበር ስጡት። የስፌት መኪናዋን ያመጡት ሴት ሊሄዱ ሲሉ «እስቲ ይቀመጡ» አልኳቸው። ጣውላው ላይ ቀለሙ ለቆ የነጣ ቦታ ነበር። እኔ ጉዳት ብዬ ልመዘግበው ነበር። እሳቸው መዳፋቸውን አሳረፉበት፤ ልክክ አለ። «እናቴ ጨርቁን የምትይዘው በዚህ እጇ ነበር፤ እኔም እንደዚሁ» አሉ። ቃላቸውን እንዳለ ጻፍኩት።

ያ ቁልፍ አሁንም መሳቢያው ውስጥ ነው። ካርዱ ላይ «የበሩ ቦታ» ከሚለው ጎን ሦስት መስመር ባዶ ትቻለሁ። እርሳሱም እዚያው አለ።