ጀሪካን ማር ስንት ኪሎ ነው? የፊዚክስ ጥያቄና መልስ

ዛሬ ማታ ከደብረ ማርቆስ ሆኜ የፊዚክስ ጥያቄዎቻችሁን እመልሳለሁ። እንቅስቃሴ፣ ጉልበትና እፍግታ። እፍግታ የምለው ዴንሲቲ የምትሉትን ነው፤ አንድ ሊትር ነገር ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ይነግረናል። አደራ፣ ቁጥር ስትልኩ መለኪያውን አብራችሁ ጻፉ።

ከደጀን፦ መምህር፣ ከማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ነው ብንል፣ መኪናው በ6 ሰዓት ጉዞ ቢገባ ፍጥነቱ ስንት ነው?

መልስ፦ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር። አማካይ ነው እንጂ አባይ በረሃን ስትወርድ እንዲህ አትሄድም። ወደ ሜትር በሰከንድ ለመቀየር ለ3.6 አካፍል፤ 13.9 ይመጣል።

ከቡሬ፦ እናቴ ማር ትሸጣለች። ነጋዴው ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን 20 ኪሎ ብሎ ይከፍላታል። ልክ ነው?

መልስ፦ ልክ አይደለም! እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው የምወደው። ሊትር ዕቃው የያዘውን ቦታ ይለካል። ኪሎ መጠነ ቁስን ይለካል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው እፍግታ ነው። አንድ ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ነው፤ አንድ ሊትር ደህና ማር ግን 1.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 20ን በ1.4 አባዛ፣ 28 ኪሎ። እናትህ በየጀሪካኑ 8 ኪሎ ማር በነጻ እየሰጠች ነው። ዘይት ቢሆን ነገሩ ይገለበጣል፤ ሊትሩ 0.92 ኪሎ ገደማ ስለሆነ 20 ሊትሩ 18.4 ብቻ ይሆናል።

እኔን አትመነኝ፣ ራስህ ለካ። ጀሪካኑን ባዶውን መዝን። እስከ አፉ ውሃ ሞልተህ መዝን። ደፍተህ፣ በደንብ አድርቀህ፣ ማር ሞልተህ መዝን። ከሁለቱም ላይ ባዶውን ቀንስ። ከዚያ የማሩን ለውሃው አካፍል፤ የሚመጣው የማሩ እፍግታ ነው። 20 ሊትር በሚለው ስም አትተማመን፤ እስከ አፉ ሲሞላ ሊበልጥ ይችላል።

ከዳንግላ፦ የኛ ማር ወፍራም ነው፣ 1.5 ይሆናል።

ሌላ ከቡሬ፦ ከኛ ማር በልጦ?

መልስ፦ ልዩነቱን የሚያመጣው ማሩ ውስጥ ያለው ውሃ ነው እንጂ ወረዳው አይደለም። ውሃው ሲያንስ እፍግታው ይጨምራል። 1.5 ግን በዝቷል።

ከሞጣ፦ ፊዚክስ ከበደኝ፣ ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ የቱ ጋ ነው የከበደህ? አንድ ያቃተህን ጥያቄ ይዘህ ና።

ከባሕር ዳር፦ ከጢስ አባይ ጫፍ ድንጋይ ብንለቅ በስንት ሰከንድ ይወድቃል?

መልስ፦ ከፍታውን 45 ሜትር፣ የመሬትን ስበት 10 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ይዘህ አስላ፤ ፍጥነቱ በየሰከንዱ በ10 ይጨምራል ማለት ነው። 3 ሰከንድ ነው። ታች ሲደርስ ፍጥነቱ 30 ሜትር በሰከንድ ይሆናል።

ከሞጣ፦ ትልቅ ድንጋይ አይቀድምም?

ከባሕር ዳር፦ አይቀድምም። በ1971 እ.ኤ.አ. የአፖሎ 15 ጠፈርተኛ ጨረቃ ላይ መዶሻና ላባ ለቆ እኩል ወድቀዋል።

ከሞጣ፦ እዚህ ላባው ይዘገያላ!

መልስ፦ አየሩ ነዋ የሚያዘገየው። ጨረቃ ላይ አየር የለም። በቃ፣ ወደ ጥያቄው።

ከአዴት፦ 200 ኪሎ ጋሪ ፈረስ በ300 ይጎትተዋል፣ ሰበቃው 100 ነው። አክስለሬሽኑስ?

መልስ፦ 300 ምን? መለኪያ ጻፉ ብያለሁ! ኒውተን (የጉልበት መለኪያ) ከሆነ፣ ሰበቃው ወደ ኋላ ስለሚይዘው 300 ሲቀነስ 100፣ 200 ይቀራል። ለ200 ኪሎ አካፍል። 1 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር።

ከዘጌ፦ የደንገል ታንኳ ሰው ጭኖ ለምን አይሰምጥም?

መልስ፦ ደንገል ውስጡ አየር ስለሚይዝ እፍግታው ከውሃ በጣም ያነሰ ነው። ታንኳው ከነሰውና ከነጭነቱ 300 ኪሎ ከሆነ፣ 300 ሊትር ውሃ እስኪገፋ ድረስ ብቻ ይጠልቃል። የገፋው ውሃ እሱኑ መልሶ ይሸከመዋል። ታንኳው ሲሰነብት ግን ውሃ ይጠጣል፣ እፍግታው ይጨምራል፣ ጠልቆ መሄድ ይጀምራል። ባለታንኳዎቹ ከሐይቁ አውጥተው ፀሐይ ላይ የሚያደርቁት ለዚህ ነው። አባቶቻችን ቀመሩን ሳይጽፉ እፍግታን በእጃቸው ያውቁት ነበር።

ከፍኖተ ሰላም፦ መምህር፣ 20 ሊትር ዘይት 20 ኪሎ አይደል?

መልስ፦ ከላይ ጽፌዋለሁ። እባካችሁ እያነበባችሁ። ሊትርና ኪሎ አንድ የሚሆኑት ለውሃ ነው እንጂ ለዘይት አይደለም።

ከማንኩሳ፦ ዘንድሮ ለፈተና ምን ይወጣል?

መልስ፦ ይሄ የኔ ጥያቄ አይደለም።

ከቡሬ፦ መምህር፣ መዘንኩት! ባዶው 1 ኪሎ፣ በውሃ 22፣ በማር 30።

መልስ፦ ጎበዝ! መለኪያውንም ጽፈሃል። ውሃው 21፣ ማሩ 29 ኪሎ። 29 ለ21፣ 1.38። ጀሪካኑም 21 ሊትር ይዟል ማለት ነው። ነገ ለነጋዴው ሚዛኑን አሳየው። ስኳር ተቀላቅሎበት እንደሆነ ግን ሚዛን አይነግርህም፤ የስኳር ሽሮፕም እንዲሁ ከባድ ሊሆን ይችላል።