«የሚያበራየውን በሬ አፉን አትሰር» እያለ ፖስታ ለሚያስቀብለኝ ምን ልመልስ?

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን ነዎት? የምሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት ግዥ ክፍል ነው። አቅራቢዎች «ለልጆች ከረሜላ መግዣ» እያሉ ፖስታ ይሰጣሉ። ባለፈው ዓመት አንዴ ተቀብያለሁ። ከዚያ ወዲህ ጥቅስ በቃሌ ብይዝም የቤት ኪራይና የልጆች ክፍያ ሲደራረብብኝ ጥቅሱ ከአፌ አያልፍም። ባልደረቦቼ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይሉኛል። አንዱማ «የሚያበራየውን በሬ አፉን አትሰር» እያለ መጽሐፍ ቅዱስ ይጠቅስልኛል። ቃሉ ለምን አልረዳኝም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከባልደረባህ ጥቅስ እንነሣ። ቃሉ ዘዳግም 25፥4 ላይ አለ። ቅዱስ ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ጠቅሶታል። የጠቀሰው ግን በመስበክና በማስተማር የሚደክሙ የሚገባቸውን እንዲያገኙ ነው። ወዲያው «ለሠራተኛ ደመወዙ ይገባዋል» ይላል። ደመወዝህን ፈርመህ ትቀበላለህ። ፖስታው ውስጥ ላለው በየትኛው ፔሮል ላይ ልትፈርም ነው?

በጥቅስ መፈተን አዲስ ነገር አይደለም። ጌታችን 40 ቀን ጾሞ ሲራብ ፈታኙም ጥቅስ ይዞ መጥቷል። «መላእክቱን ስለ አንተ ያዝዛቸዋል» ብሎ መዝሙር 90ን ጠቀሰ። ማቴዎስ እንደጻፈው «በመንገድህ ሁሉ ይጠብቁህ ዘንድ» የሚለውን ዘለለው። ቀጥሎ ያለውን፣ ዘንዶውን ስለ መርገጥ የሚናገረውንማ ጭራሽ አልነካውም።

ጌታ ግን ሦስቱንም ጊዜ የመለሰው ከኦሪት ዘዳግም ነው፤ ከምዕራፍ 6 እና 8። እኔን ሁልጊዜ የሚደንቀኝ ይህ ነው። ከዚህም ከዚያም ጥቅስ አልለቀመም። እስራኤል በምድረ በዳ ስለተራቡበትና ስለተፈተኑበት ጊዜ የሚናገረውን ክፍል ያዘ። እርሱም ያለው ምድረ በዳ ነው፤ እርሱም ተርቧል።

አንተም «ሰው በእንጀራ ብቻ አይኖርም» የምትለዋን በቃልህ ይዘህ ይሆናል። እስቲ ዘዳግም 8ን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብበው። ሕዝቡ ተርቧል። እግዚአብሔርም ረሃባቸውን አልናቀም፤ መና አበላቸው። መናው የዕለት የዕለት ነበር። አንዳንዶች አልሰማ ብለው ሲያሳድሩት ተላ፣ ሸተተም፤ ዘጸአት 16 ላይ ታገኘዋለህ። ቃሉ ኪራይህን አይንቅም። የሚጠይቅህ ኪራይህን የሚከፍልልህ ማን እንደሆነ ነው፤ አቅራቢው ነው ወይስ እግዚአብሔር? ጥቅሱ ከአፍህ ያላለፈው ይህን ጥያቄ ገና ስላልመለስክ ይመስለኛል።

ጥቅስን እንደ ክታብ አንጠልጥሎ መዞር አይጠቅምም። ፖስታው ጠረጴዛ ላይ ካረፈ በኋላ የሚፈለግ ቃል ይዘገያል። ዳዊት የምትደግም ከሆነ በሰኞው ክፍል መዝሙር 14 አለልህ። በእግዚአብሔር ድንኳን ማን ያድራል ብሎ ይጠይቅና፣ መልሱን ሲዘረዝር በንጹሕ ሰው ላይ መማለጃ (ጉቦ ማለት ነው) የማይቀበል ይላል። ለግዥ ክፍል ሠራተኛ የተጻፈ ነው የሚመስለው! የማትደግም ከሆነም በእርሷ ጀምር፤ አምስት ቁጥር ብቻ ናት። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ከመግባትህ በፊት በላት።

ሔዋን ከእባቡ ጋር ወሬ ቀጠለች። ጌታ ግን «ተጽፎአል» ብሎ ነገሩን ቆረጠው። አንተም ከአቅራቢ ጋር ብቻህን አትቀመጥ። ሻይ እንጠጣ ካለህ፣ ጉዳይ ካለህ ቢሮ ና፣ ሰው ባለበት እንነጋገር በለው። እንዲህ መጠንቀቅ የእምነት ማነስ አይደለም። ሉቃስ ፈታኙ ከጌታ የተለየው «እስከ ጊዜው» ነው ይላል። ወደ አንተም ይመለሳልና የትምህርት ቤት ምዝገባ ሲደርስ ጠብቀው።

ያቺን የተቀበልካትን ፖስታ ደግሞ ለንስሐ አባትህ ንገር። ዘኬዎስ በሐሰት የወሰደውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ነው ያለው። አንተ ለማንና እንዴት እንደምትመልስ ከእርሳቸው ጋር ተማከር፤ ይህ ሳምንት አይለፍህ። ባለቤትህም ትወቀው። የወሩን ወጪ ቁጭ ብላችሁ አብራችሁ አስሉት፣ የሚቀነሰውንም አብራችሁ ቀንሱ።